ለበረኛ ቦታ ሽማግሌ ላኩብኝ

አዲስ አበባ አንደኛ ዲቪዚዮን ላይ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበርኩ። ያኔ አሠልጣኝ ካልፈለገህ የሚኒስትር ልጅም ብትሆን ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ ትላለህ፤ አለቀ። ጉልበቴ ሲበላሽ ጫማዬን ሰቀልኩ። በፈረንጅ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሴንት ፖል ገባሁና በሥራ ቀናት ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት እየተቀበልኩ፣ ቅዳሜና እሁድ የኛን ሰዎች ቡድን ማሠልጠን ጀመርኩ። ቡድን ከተባለ ነው እንግዲህ።

ሜዳው የቤዝቦሎች ስለነበር እነሱ እስኪጨርሱ አጥሩ ጋ ቆመን እንጠብቃለን። ቤዝቦል ደግሞ አያልቅም። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይሮጣል፣ ቀሪው ቆሞ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ ገለባውን ይተፋል። ይሄንን ጨዋታ ብሎ የሚከፍል ሕዝብ ይገርመኝ ነበር። አንድ ነገራቸው ግን ያስቀናኛል፤ አሠልጣኙ ውጣ ሲለው ልጁ ይወጣል። አጎቱ አይመጣም።

የኔዎቹን ልንገራችሁ። አንዱ ከአጥቂ ሌላ አልጫወትም ይላል፤ ሆዱ ግን ከሱ ቀድሞ ነው ሜዳ የሚገባው። ሌላው ኳስ ሲያመልጠው ሣሩን ይሳደባል። ሩጡ ስላቸው "ጋሼ፣ ትናንት ደብል ሺፍት ሠርቻለሁ" ይሉኛል። ኮሚቴ ደግሞ አለን፤ ከተጫዋቹ ይልቅ ኮሚቴው ይበዛል። ሊቀመንበሩ ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ያለው፣ ኳስ በእጅ ይነካ በእግር በቅጡ የማያውቅ ሰውዬ ነበር።

ከነዚህ ሁሉ መሃል ተጫዋች ብዬ የምጠራው በረኛውን ብቻ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ ሮቢንስዴል የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥባል፣ ሺፍቱን ከባልደረቦቹ ጋር ስዊች እያደረገ ለልምምድ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። ኳስ ከመመታቷ በፊት የት እንደምትሄድ ያውቃል። ይሄ ልጅ ሳህን ሲያጥብ አያረጅም ብዬ አንድ የኮሌጅ አሠልጣኝ ለመንኩ። ፈረንጁ በመጨረሻ፣ እሁድ ከቺካጎ ልጆች ጋር ስንጋጠም መጥቼ አየዋለሁ፣ ከወደድኩት በነፃ ይማራል አለኝ።

ያን ሳምንት ሊቀመንበሩ የሚስቱን ወንድም ከጎረቤት ከተማ ከቡርንስቪል ይዞት መጣ። በረኛ ነው ተባለ። ጓንቱ አዲስ፣ ፀጉሩ በቅባት የሚያንጸባርቅ። አንድ ቀን አየሁትና ተቀያሪ አደረግኩት። እሱንም ያደረግኩት ከይሉኝታ ነው እንጂ ኳስ አቀባይም አይሆንም።

ዓርብ ማታ በሬ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ አውቃለሁ፤ የተጣላ ሲታረቅም አይቻለሁ። ለጎል ሽማግሌ ሲላክ ግን ያን ቀን አየሁ። ሦስተኛው ሰውዬ ከአገር ቤት ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው፣ የበረኛዬ አባት ነበሩ።

"ተቀመጡ እንጂ" አልኩ።

"እሺ ሳትለን አንቀመጥም" አሉና ከቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረው ቆሙ። ትልቁ ሽማግሌ ጀመሩ። ወንድምየው በሰው ፊት ተዋርዷል፣ እህትየው ባሏን ሊቀመንበሩን አኩርፋለች፣ ትዳር ሊፈርስ ነው፤ ስለዚህ እሁድ እሱ ጎል ላይ ይቁምና ነገሩ ይብረድ። ሳቄን የያዝኩት ለዕድሜያቸው ብዬ ነው።

ወደ አባትየው ዞርኩ። "አባባ፣ የማንን ልጅ ለማስቀመጥ እንደመጡ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ" አሉ። "ቤቴ ድረስ መጥተው ለምንልን ሲሉኝ፣ የሚቀመጠው ልጄ ነውና አልሄድም ልበል? ሰው ምን ይለኛል?"

"እሁድ እኮ የኮሌጅ አሠልጣኝ ሊያየው ይመጣል። በነፃ ሊያስተምረው።"

ትልቁ ሽማግሌ ቀበል አድርገው "ዕድሉ ከሆነ ሌላ ጊዜም ይመጣል" አሉ። ለራሳቸው ልጅ ቢሆን ይሄን ባላሉ። አባትየው ምንጣፉን ያያሉ። እኔም አልሰማም፣ ለቡድን ሽማግሌ አይላክም አልኩና ሳይቀመጡ ወጡ። በማግሥቱ ከተማው ሁሉ ሽማግሌ ረገጠ እያለ ያማኝ ጀመር። ይማኝ አልኩ።

እሁድ በረኛዬ ማልያውን ሳይለብስ መጣ።

"አባቴ ቆሞ ለምኖ እምቢ ተብሏል" አለኝ። "እኔ ከገባሁ ሰውን በምን ዓይኑ ያያል?"

"አንተስ? ኮሌጁስ?"

"እኔ ገና ወጣት ነኝ ጋሼ" አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ብቆጣው፣ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች። ሌላ በረኛ የለኝምና ያንን ባለቅባት አስገባሁት። የመጀመሪያዋ ኳስ በእግሮቹ መሃል ገባች፤ እሱ ፀሐይዋን ተቆጣ። ሁለተኛዋ ስትገባ ተከላካዮቹን ሰደበ። ሊቀመንበሩ ከዳር ሆኖ "አይዞህ" እያለ ያጨበጭባል።

የኮሌጁ አሠልጣኝ የወረቀት ኩባያውን ይዞ መጣና የትኛው ነው አለኝ። ወንበሩን አሳየሁት። ተጎድቶ ነው ወይ አለኝ። ሽማግሌና ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ምን ብዬ ላስረዳው? የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ፣ ሰዓቱን አየ፣ ዕረፍት ሳይደርስ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

አባትየው ከሰዉ ተነጥለው አጠገቤ መጡ። ልጃቸው ሲጫወት አንድም ቀን አይተው አያውቁም።

"እኔ የምልህ" አሉኝ በቀስታ፣ "ልጄ ግን ይችልበታል?"

ስድብ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። "እዚህ አገር እሱን የመሰለ አላየሁም" አልኳቸው።

ጎሉን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ሊቀመንበሩን በዓይናቸው ፈለጉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"አሁን ልጄን ግባ ብንለው ሰው ቅር ይለው ይሆን?"