ከነፋሱ በፊት የተጻፈ ፕሮፎርማ

«ወረቀት ከሌለ ክፍያ የለም።» ይህቺን በቀን ሃያ ጊዜ እላት ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ ከጉርድ ሾላ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሒሳብ ሹም ነበርኩ። የትምህርት ቤቱ ጠመኔ፣ የጤና ጣቢያው አልኮል፣ የዘበኛው ካፖርት፣ ሁሉም የሚከፈለው እኔ ሰነዱን አይቼ ስፈርም ነው። ባልደረቦቼ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እውነትም ሳንቲም አልነካሁም። እጄ ንጹሕ ነው እያልኩ ስኮፈስ ኖርኩ፤ ሌላ የምኮራበት ነገርም አልነበረኝም።

በአንዱ ሚያዝያ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ተነስቶ ገርጂ ያለን አንድ ትምህርት ቤት የሁለት ክፍል ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደ። ደግነቱ ልጆቹ ወጥተው ነበር። ርእሰ መምህሩ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቀጭን የወሎ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። «ረቡዕ ዕለት ነፋስ ጣሪያ ነቅሎብናል» ብለው ለወረዳው ጻፉ እንጂ መልስ አልጠበቁም። ዕቁብ ወጥቶላቸው ነበር። ለራሳቸው ቤት ማደሻ ባሰቡት ገንዘብ በማግስቱ ቆርቆሮ ገዙ፣ ወላጆች ተረባርበው መቱት፣ ሰኞ ልጆቹ ገቡ።

ከዚያ ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ደረሰኙን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ።

«ጋሼ፣ ሦስት ፕሮፎርማ የታለ?» አልኳቸው። ለመንግሥት ዕቃ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ከሦስት ሱቅ ዋጋ አጽፎ፣ አወዳድሮ፣ ከርካሹ ነው የሚገዛው።

«ልጄ፣ ጣሪያ ሄዶ፣ ልጆች ሜዳ ላይ ቆመው፣ የቱን ዋጋ ላወዳድር?»

«እሱን እኔ አላውቅም።»

አውቅ ነበር። ለአስቸኳይ ግዢ መንገድ አለው፤ ኃላፊያችን በደብዳቤ ካጸደቀው ይከፈላል። ኃላፊው ግን ከስብሰባ ስብሰባ የሚዞር ሰው ነው፤ እሱን ለማግኘት ሳምንት ሙሉ ደጅ መጥናት ሊኖርብኝ ነው። ማን ይልፋ! ይልቅስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሦስት ሱቅ ይሂዱና ያጽፉ። ቀኑ ብቻ ከግዢው በፊት ይሁን» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝና፣ «ይኼ ውሸት አይሆንም?» አሉ።

«ጋሼ ደግሞ! አገር ምድሩ የሚሠራው እንዲህ አይደል?»

በሳምንቱ ሦስቱንም ይዘው መጡ። ማኅተሙን አየሁ፣ ድምሩን አየሁ፣ ከደብዳቤያቸው ጋር በገዛ እጄ በስቴፕለር አያያዝኩና ፈረምኩ። ገንዘባቸውን ወስደው መርቀውኝ ሄዱ። እኔም ጽድቅ እንደሠራ ሰው ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ከዞን ኦዲተር መጣ። ያቺን ሰነድ ሲገልጥ ፈገግ አለ። ሦስቱም ፕሮፎርማ የተጻፉት ማክሰኞ ነው። ነፋሱ ደግሞ ረቡዕ። ነጠላ ሳንቲም የማታመልጠኝ እኔ፣ ይህቺን አላየኋትም! ለኦዲተሩ ግን ጥፋተኛው የፈረመው ሳይሆን ያቀረበው ሰው ነበር።

ያኔ ግምገማ የሚባል ነገር ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ቀበሌ አዳራሽ ተሰብስቦ አንዱ አንዱን ያነሳል፣ ይጥላል። ጋሼን አቆሟቸው።

«እርስዎ ነቢይ ነዎት እንዴ?» አለ መድረክ ላይ ያለው። «ረቡዕ የሚነቀለውን ጣሪያ ማክሰኞ እንዴት አወቁ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳቅሁ! ፊቴን ከሰው ፊት ለመለየት ፈርቼ ነው።

«ማን ነው እንዲህ ያድርጉ ያለዎት?» ተባሉ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ዓይናቸው እኔ ላይ ትንሽ አረፈችና ተነሳች። «ማንም። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

ልነሳ ፈልጌ ነበር፤ ቢያንስ ጉልበቴ ተንቀሳቅሷል። አጠገቤ የነበረችው ገንዘብ ያዧ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ በሹክሹክታ። ተቀመጥኩ። ቀጥሎ የኔ ተራ ደረሰና ግለሂስ አድርጊ፣ ጥፋትሽን ራስሽ ተናገሪ ተባልኩ። አንዳንድ ቀን ጠዋት አረፍዳለሁ አልኩ። «ጥሩ ግለሂስ ነው» ብለው አሳለፉኝ።

ጋሼ ከሥራ ተባረሩ። ገንዘቡንም መልሱ ተባሉ፤ ያንን ጣሪያ በመጨረሻ የገዙት እሳቸው ናቸው። እኔ በዚያው ዓመት የደረጃ ዕድገት አገኘሁ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ከመገናኛ ወደ ገርጂ የሚሄድ ውይይት ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ሰው ፊት ለፊት የሚፋጠጥባት መኪና ናት፤ ጉልበታቸው ጉልበቴን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ጋሼ ተቀምጠዋል። ኮታቸው ያው የድሮው ነው። መሬት ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

«ልጆች ደህና ናቸው?» አሉኝ ቀድመው።

«ደህና ናቸው። ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ እኔ…»

እጃቸውን አነሱ። «አውቃለሁ። የምታሳድጊያቸው ልጆች አሉሽ። አብሽሪ፣ ልጄ።»

አብሽሪ! ያን ሁሉ ያደረግሁባቸው ሰውዬ፣ አይዞሽ አሉኝ! ቢረግሙኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ በሰው ፊት ቢያዋርዱኝ እዚያው በተገላገልኩ። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ውሸቱን ነው፤ የኔው ነቅዞ ውስጤን ጨርሶታል።

ረዳቱ ሒሳብ ሲል ቦርሳዬን እስክከፍት እሳቸው የሁለታችንን ከፈሉ። ታክሲው ሙሉ ሰው ይሰማል፣ አሁን እንኳ ልናገረው እችል ነበር።

እንደለመድኩት ዝም አልኩ።