ቁልፍ ያለው ይሁን

አክስቴን መሥሪያ ቤት ውስጥ «መትረየስ» ይሏት ነበር። ፍርድ ቤት ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆና ስትሠራ፣ ከኮሪደሩ ማዶ ያሉት ሰዎች ጠዋት መግባቷን የሚያውቁት በእግሯ ኮቴ ሳይሆን በጣቷ ነው። ስሙን ያወጣላት የግቢው ዘበኛ ነበር ይባላል። አልተቀየመችውም። እንዲያውም ዓመት ፈቃድ ወጥታ ስትመለስ «ሰላም ሰፍኖ ከረመ» ሲላት፣ «አሁን አበቃለት» ብላው ታልፋለች።

ኮምፒውተር ሲመጣ ሌሎቹ ፈሩ፤ እሷ አልፈራችም። ዳኞቹና ኃላፊዎቹ ግን ወረቀታቸውን ራሳቸው መጻፍ ሲጀምሩ የሷ ወንበር ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረ። እዚያ አቧራ ስታራግፍ ሁለት ዓመት ቆየችና በሃምሳ አምስት ዓመቷ በፈቃዷ ጡረታ ወጥታ ኮሌጅ ገባች። ሕግ ልትማር።

አባቴ ታላቅ ወንድሟ ነው። ወሬውን ምሳ ላይ ሲሰማ ማንኪያውን አስቀመጠና «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አላት።

«ሲሉ ሰምቼ አይደለም፣ ወንድም ጋሼ» አለችው። «ሲሉ ስጽፍላቸው ኖሬ ነው።»

እውነቷን ነበር። ውል፣ ይግባኝ፣ መጥሪያ፣ የመከላከያ መልስ፣ በጣቷ ያላለፈ የለም። ነጥብ ሲሳሳቱ አርማላቸዋለች፤ ቃል ሲደግሙ አውጥታላቸዋለች። ምን ይመስልሻል ብሎ የጠየቃት ግን አንድ ሰው አልነበረም።

ችግሩ የጀመረው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የቀኝ አውራ ጣቷ ብዕር አይወድም። ግማሽ ገጽ ያህል ከጻፈች በኋላ እንደ ዛገ በር ይቆለፍና በሌላው እጇ ካልጎተተችው አይዘረጋም። የውል ሕግ መምህሩ ደግሞ ወረቀት አይበትንም፣ ሰሌዳ ላይ አይጽፍም፣ ለፈተና የሚጠይቀውም ከአፉ የወጣውን ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ ማለፊያውን ያላገኘ ተማሪ ይሰናበታል። አክስቴ በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሯን ዘርግታ ሳየው አምስት ግማሽ ገጾች ነበሩ። እያንዳንዳቸው አረፍተ ነገር መሃል ላይ ይቆማሉ።

ሁሉም መላ ነበረው። አባቴ ከክፍሉ ልጆች ደብተር ገልብጪ አላት። የሰው ቃል ስገለብጥ ነው ያረጀሁት፣ አሁን ደግሞ የልጆቹን ልገልብጥ? አለች። ወንድሜ መምህሩን በስልክ ቅጂው ሲላት፣ ሁለት ሰዓት ታግሼ የሰማሁትን ሰው ቤት አምጥቼ ደግሞ ሁለት ሰዓት ልታገሠው? ብላ አሳቀችን።

አባቴ ግን አንጀቱ አልቻለም። አንድ ቀን ታብሌት ገዝቶ መጣ። ቀጭን፣ የሚያምር፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት። አክስቴ አመስግና ተቀበለችውና ሦስት ቀን ታገለችው። «ለ»ን ስትነካ የ«ለ» ዘር ሁሉ እስከ «ሎ» ድረስ ብድግ ብሎ ይሰለፋል፤ ከመካከሉ የምትፈልገውን ፈልጋ መንካት አለባት። ዓይኗን ከመስታወቱ ካነሣች ጣቷ መንገድ ይጠፋዋል። በሦስተኛው ቀን ወደ ካርቶኑ መለሰችው።

«አንድ ልጅ ለመጥራት ቤቱን ሙሉ መቀስቀስ አለብኝ?» አለች። «ቁልፍ ያለው ይሁን። ጣቴ የሚያውቀው።»

አባቴ ሁለት ቀን ሰላም አላላትም።

ኮምፒውተር የሚሸጥበት ሱቅ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ሻጩ ማስቲካ የሚያኝክ ጎልማሳ ነው። ኮሌጅ እንደምትማር ከነገረችው በኋላም ዙሪያውን በቢጫ ላስቲክ የታሸገ የሕፃናት ታብሌት አወጣላትና፣ ማዘር፣ ቢወድቅብዎትም አይሰበርም አላት። የእሷ ነገር እንደሚወድቅ ማን እንደነገረው ጠየቀችው። ከዚያ ትንንሽ ላፕቶፖቹን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እንዲደረድርላት አደረገች።

በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ ሊያስረዳት ድምፁን ከፍ፣ ንግግሩን ቀስ አደረገ፤ መጀመሪያ አንዱን ቁልፍ መትተው «ል»ን ያመጣሉ፣ ቀጥሎ ሌላውን ሲመቱ «ሉ» ይሆናል። አክስቴ እስኪጨርስ ጠበቀችው። በድሮው የጽሕፈት መኪናም መጀመሪያ የፊደሉ አካል ይመታል፣ ቀጥሎ እግሩ ወይም ቀለበቱ ይጨመርለታል። ሠላሳ ዓመት የፊደል አካል ከእግር ስታጋጥም ለኖረች ሴት ይህ ትምህርት አልነበረም።

ዓይኗን ጨፍና በእያንዳንዱ ላይ አንዱኑ ደብዳቤ መታች፤ «ጉዳዩ፦ ቀጠሮ እንዲለወጥልን ስለ መጠየቅ»። የመጀመሪያው ቁልፉ ልስልስ ብሎ ሊጥ ሆነባት። ሁለተኛው ለጉንዳን የተሠራ ነው አለች፤ ሁለት ጣቶቿ አንድ ቁልፍ ላይ ይገናኛሉ። ሦስተኛው «ጉዳዩ»ን «ጉዱ» አደረገው። እንደሱም ልክ ነው ብላ ሣቀች፣ ግን አልወሰደችውም። ከዚያ መስኮቱ ሥር የገመድ ክምር የተጫነውን አንድ አሮጌ፣ ወፈር ያለ፣ ጥግ ጥጉ የተፋቀ ትንሽ ላፕቶፕ አየችና አምጣው አለችው። መታችው። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩ። ዓይኗን ስትገልጥ ደብዳቤው አንድ ስሕተት አልነበረበትም።

ሻጩ አፈረበት መሰለኝ። «ማዘር፣ እሱ እኮ አሮጌ ነው። ድምፁም ይረብሻል።»

«ይረብሽ» አለች።

ባትሪው ሦስት ሰዓት እንደሚቆይ አረጋግጣ፣ በጨርቅ ቦርሳ ይዛው ወጣች።

ክፍል ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ከኋላዋ የምትቀመጥ ተማሪ ናት። አክስቴ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ መጻፍ ስትጀምር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደ መስሏት መስኮቱን እንዳየች ነገረችኝ። መጀመሪያ የሣቀችውም ራሷ ልጅቷ ነበረች። መምህሩ ወጣት ነው፣ ድምፁን የሚወድ። ሁለት ቀን ቻለው። በሦስተኛው ቀን አቆመና፣ በትሕትና፣ እርስዎ እያለ፣ ወይ ድምፅ የሌለው ነገር ይዘው ይምጡ፣ ወይ በሩ አጠገብ ከኋላ ይቀመጡ፣ ማስታወሻውን ከልጆቹ አስሰጥዎታለሁ አላት። ከኋላ ደግሞ አይሰማትም፤ እሱም ያውቃል። አክስቴ እንዲህ የሚል ደንብ ተጽፎ እንደሆነ ጠየቀችው። አልተጻፈም አለ። እንግዲያው ተጽፎ ይምጣልኝ፣ አነበዋለሁ አለችው። ያ ድምፅ እያለ አላስተምርም ብሎ ወጣ።

ቤት ስትመጣ አባቴ ነገሩን ሰማ። ልጄ፣ ከአስተማሪ ጋር አይጣሉም፣ እሺ ይበልጣል ከሺህ አላት። ክፉ አስቦ አልነበረም።

«እሺ ስል ነው የኖርኩት፣ ወንድም ጋሼ» አለችው። «ሺውን አላየሁትም።»

 በኋላ ግን ክፍሏ ገብቼ ሳያት ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ለመምታት ትሞክራለች። ፊደሎቹ እግራቸውን እየጣሉ ይመጣሉ።  ስታየኝ ዘጋችው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እዚያው ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። መምህሩ ገባ፣ ጀመረ፤ እሷም ጀመረች። አቆመ፤ አቆመች። ቀጠለ፤ ቀጠለች። እንደገና አቆመና ክንዶቹን አጣጥፎ ትክ ብሎ አያት። እሷ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ እንዳሳረፈች ጠበቀችው። ቀና ብላም አላየችው፣ እጇንም አላነሣች። ከኋላዋ ያለችው ልጅ ሰባት ደቂቃ ቆጥራለች። አንዱ ተማሪ ሲስል ተሰማ። ድምፁ ረበሸኝ ብሎ ለመምህሩ ከሶ የነበረ አንድ ረጅም ልጅ ቦርሳውን አንሥቶ በገዛ ፈቃዱ ወደ ኋላ ሄደ። ሌላ የተነሣ የለም። የመምህሩ ጆሮ ቀላ ትላለች ልጅቷ፤ ወደ ሰሌዳው ዞረ፣ ሰሌዳው ባዶ ነው።

«የት ላይ ነበርን?» አለ።

ደብተሮች ተገለጡ። ሁሉም ሁለቱን ሲያዩ ስለነበር የጻፈ አልተገኘም።

«ዝምታ እንደ መስማማት አይቆጠርም፤ ሆኖም» ብላ አክስቴ ከላፕቶፑ ላይ አነበበችለት። «እዚህ ላይ ነው ያቆሙት።»

 «ሆኖም» አለና ቀጠለ።

እሷም ቀጠለች።