በሽሮፕ ጠርሙስ ጎንደር የደረሰው ትርፍ አንጀት

ወደ መተማ ቆላ ወርጄ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቀዶ ሐኪሙ እጁን ዘረጋና «ባብኮክ» አለኝ። ባብኮክ አንጀትን ሳይጎዳ የሚይዝ፣ ጥርስ የሌለው መቆንጠጫ ነው። ኮከር የሚባለው ግን ጥርስ አለው። እኔ በሙሉ ልብ ኮከሩን አቀበልኩት።

«ይሄ እኮ ይነክሳል። አንጀቱ ምን አደረገሽ?» አለኝ።

ከጎንደር ስመጣ በትምህርቴ ጎበዝ ነበርኩ፤ ቢያንስ እናቴን እንደዚያ ብዬ ነው የተሰናበትኳት። ለካ ትምህርት ቤት መሣሪያዎቹ በስም ተደርድረው ይቀመጡልን ነበር። እዚህ አንድ ላይ ተከምረው ጠበቁኝ። ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ጓንቱ ውስጥ ጣቶቼ ይዋኛሉ።

ማዕረጌ ስክራብ ነርስ ነው። ታጥቤ፣ ጋውን ለብሼ፣ ከሐኪሙ ትይዩ ቆሜ መሣሪያ አቀብላለሁ። ከልቤ የምወደው ሥራ ግን ሌላ ነበር፤ እሱም የወጣውን ነገር ይዞ በር ላይ መውጣት።

በእኛ አካባቢ ቀዶ ሕክምና ዝም ብሎ አይታመንም። ከሰው ሆድ የወጣ ነገር በሳህን ሆኖ ለዘመድ ይታያል። ካልታየ «ከፍተው ዘጉት» ይባላል። በክረምትና በአጨዳ ወራት አብዛኞቹ ታካሚዎቻችን ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ እዚህ ሳሉግ ይባላሉ። በር ላይ የሚጠብቃቸው እናት ወይም ወንድም ሳይሆን አብሮ የሚያርም ጓደኛ ነው። አገሩ ሲመለስ እናትየው ፊት ቆሞ «በዓይኔ አይቻለሁ» ማለት ስላለበት ከዘመድ የበለጠ ጠንቅቆ ያያል።

ለዚህ ሥራ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። «አያችሁ፣ ይቺ ናት ያሰቃየችው። ትንሽ ብንዘገይ ፈንድታ ነበር» እላለሁ። ምንም የማትፈነዳዋንም እንደዚያው እል ነበር። ሐኪሙ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲሰፋ እኔ ውጭ ቆሜ እመረቃለሁ። ምርቃቱ ሲያልቅ ትርፍ አንጀቱ ወደ ማቃጠያው ይሄዳል።

ከዓመታት በኋላ ዶክተር ሰላማዊት የምትባል ወጣት ቀዶ ሐኪም ተመደበችልን። በመጣች ሳምንት ሰበሰበችንና «ከዛሬ ጀምሮ የወጣ ሁሉ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ተነክሮ ጎንደር ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላካል» አለች።

«ዶክተር፣ ትርፍ አንጀትም? እሱንም መኪና ላይ ልናሳፍር?» አልኳት። ባልደረቦቼ ሳቁልኝ።

«ትርፍ አንጀትም ካንሰር ያወጣል፣ ሲስተር። ብርቅ ነው ይባላል። ሳናየው እያቃጠልነው ግን ብርቅ መሆኑን በምን እናውቃለን?»

እኔ የሥራ ዘመኔን ሙሉ ሳቃጥል ነው የኖርኩት።

አደራጀው የመጣው በሐምሌ ነው። ከደጋ ዳሞት ለሰሊጥ አረም የወረደ፣ ሠርጉ ለጥር የተቆረጠለት ጎረምሳ። ያመጣው የቡድናቸው አለቃ አያ ፈንቴ ነበር። ሆዱ ሲከፈት ትርፍ አንጀቱ እንደ አውራ ጣት ወፍሮ፣ ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ዶክተር ሰላማዊት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ማንም እንዳይጫነው። ውስጡ ዝልግልግ ነገር ነው። ከፈሰሰ ሆዱ ውስጥ ይዘራል።»

ባብኮኩን ሳትጠይቀኝ አቀበልኳት። በስንት ዘመኔ እሱን ተምሬያለሁ። ሳይፈነዳ ሙሉውን ወጣ። እኔም እንደ ልማዴ በሳህን ይዤው በር ላይ ወጣሁና ንግግሬን ጀመርኩ።

«ምነው እንዲህ ወፈረሳ?» አለ አያ ፈንቴ፤ ጠንከር ማለቱን ሊሞክር ጣቱን ሰደደ።

«ሲስተር!» የሚል የዶክተር ሰላማዊት ጩኸት ከውስጥ መጣ። ሳህኑን ይዤ ሮጥኩ። በዚያ ቀን ሳልመረቅ ቀረሁ።

አፉ ሰፊ የሆነው የናሙና ዕቃ አልቆ ነበር። ብልህ ነኝና ባዶ የፕላስቲክ የሽሮፕ ጠርሙስ አጥቤ ፎርማሊን ሞላሁ። ትርፍ አንጀቱ ትኩስና ሙልጭልጭ ስለነበር በጠባቡ አንገት ሾልኮ ገባልኝ። በራሴ ኮራሁ። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎርማሊን ሥጋን ያጠነክራል።

ከጎንደር ናሙናውን የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ደወለ። «ሲስተር፣ ይህን እንዴት አስገባሽው? ማስገባቱን ከነገርሽን ማውጣቱን እንሞክራለን» አለኝ። በመጨረሻ ጠርሙሱን በቢላዋ ሰንጥቀው አወጡት። ጎንደር እስከ ዛሬ የጠርሙሷ ሲስተር ነው የምባለው።

የመጀመሪያው ውጤት ቁርጥ ያለ አልነበረም። ንፍጥ መሳይ ፈሳሽ የሚሠራ ዕጢ ነው፤ ግን በዝግታ የሚያድገው ዓይነት ይሁን የአንጀቱን ግድግዳ ሰርስሮ የሚወጣው ክፉው ዓይነት፣ አልተለየም። ሌላ ፓቶሎጂስት ሊያየው፣ ከናሙናውም ተቆርጦ የዕጢው ጂኖች እንዲመረመሩ አዲስ አበባ ሊላክ ሆነ። ዶክተር ሰላማዊት ለአደራጀው ይህንኑ ነገረችውና ጠብቅ አለችው።

እሱ ግን ወደ እኔ መጣ። «ሲስተር፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ሐኪሟ ልጅ ናት፤ ታዝንልኛለች። እሞታለሁ?»

«አላውቅም» ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን በስልኬ አንብቤ ነበር። ያነበበ ሰው ደግሞ ዝም አይልም። ስለ ጂን ነገርኩት፣ ስለ ኬሞ ነገርኩት፣ ውጭ አገር ሆድ ተከፍቶ በሞቀ መድኃኒት እንደሚታጠብ ነገርኩት። እሱ እየሰማኝ ጋቢውን ያጣጥፋል። እኔ አልጋ ሊያስተካክል ነው ብዬ ቀጠልኩ።

«ገባኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። በማግሥቱ አልጋው ባዶ ነበር። ስልኩም አይሠራም።

ውጤቱ የመጣው የሰሊጥ አጨዳ ሲጋመስ ነው። ዶክተር ሰላማዊት እየሳቀች ጠራችኝ። «ሁለተኛውም ፓቶሎጂስት በዝግታ የሚያድገው ነው ብሏል። ግድግዳውን አላለፈም፤ የተቆረጠበት ጫፍ ንጹሕ ነው። ኬራስና ጂናስ የሚባሉት ጂኖች ተለውጠዋል። እነሱ ብቻቸውን አይፈርዱም፤ ግን በዚህ ዓይነቱ ላይ የተለመዱ ናቸው፤ በማይክሮስኮፕ ከታየው ጋር ይገጥማሉ።»

«ኬሞውስ?»

«አያስፈልገውም። ለዚህኛው አይጠቅምም። በሲቲ ስካንና በደም ምርመራ እየተከታተልን እንጠብቃለን። ንፍጡ ሆዱ ውስጥ ከተመለሰ ግን ከባድ ቀዶ ሕክምና ይሆናል፤ ቀድመን ማየት አለብን። ሰውየው የታለ?»

ሰውየውን በንግግር አባርሬዋለሁ አላልኳትም። ለአያ ፈንቴ ደወልኩ። «ኮኪት አጨዳ ላይ ነው። አገሩ ምን ብሎ ይግባ?» አለኝ።

በዕረፍቴ ቀን ኮኪት ወደምትባለው ከተማ ወረድኩ። ሠራተኛ ከሚቀጠርበት አደባባይ ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ ጃንጥላ ዘርግቼ ቆምኩ። ወዲያው ከበቡኝ።

«እትዬ፣ ሰሊጥ ነው ማሽላ?»

«ውኃው ቅርብ ነው? ምግቡስ?»

«ቀጣሪ አይደለሁም!» ብል ማን ይመነኝ። አንዱ ለጓደኛው «ዝም በላት፣ ዋጋ ልታስወርድ ነው» ሲል ሰማሁ። ሲጨንቀኝ «ትርፍ አንጀቱን ያወጣንለት ልጅ ፈልጌ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከየአቅጣጫው ሸሚዝ ተገለበ። አንዳንዱን ስፌት አወቅሁት።

አደራጀው ከጭነት መኪናው ጥላ ስር ብድግ አለ። ከስቷል። «ሲስተር፣ የምሞትበትን ቀን ሊነግሩኝ ነው የመጡ?»

ደነገጥኩ። ደግነቱ መንገድ ላይ የተለማመድኩት ነገር ነበረኝ። «እንደ አረም ቁጠረው። ማሽላ ላይ የምትረጩት መድኃኒት አለ አይደል? ሰሊጥ ላይ ብትረጨውስ?»

«ኧረ በማርያም! ሰሊጡን ይጨርሰዋል።»

«እንደዚያ ነው። ያንተው በኬሞ የሚሞት ዓይነት አይደለም፤ ብንሰጥህ የምትጎዳው አንተ ነህ። ነቅለነዋል። አሁን ማሳውን እያዩ መጠበቅ ነው።»

«ተመልሶ ቢበቅልስ?»

አፌን ከፈትኩ። ያነበብኩት ሁሉ መጣልኝ። «አላውቅም» አልኩት። «ላይበቅል ይችላል። ከበቀለም ቀድመን እንድናየው ነው ጎንደር የምትመላለሰው።»

አየኝ። «አላውቅም ካሉ እንግዲህ እውነቱን ነው የሚነግሩኝ» አለና ሰሊጥ የተሞላ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። በሁለት እጁ ፊቱን ያዘ። «ሲስተር፣ እኔ እኮ እጮኛዬን ጥላነሽን ሌላ አግቢ ብያታለሁ። በእኔ ምክንያት መበለት እንዳትሆን ብዬ። ከዚያ ስልኬን አጠፋሁ።»

እኔ ስለ ጂን ስተነትን ልጁ ሠርጉን አፍርሷል። ስልኬን አውጥቼ ቁጥሯን በል አልኩት። በቃሉ ያውቀዋል። ለልጅቷ ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ሕመሙ እንደፈራው እንዳልሆነም ነገርኳት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አሳጥሬ ተናግሬ አላውቅም።

«አለ?» አለችኝ።

«አለ። አጠገቤ ነው።»

«ይስጡኝ።»

ጆሮው ላይ ቢለጥፈውም ድምጿ አደባባዩን ሞላው። «ሌላ አግቢ ያልከኝን ማን ሰምቶህ ነው? የሠርጉ ጠላ ጌሾ ሁሉ ተገዝቶ አልቋል! ስልክህን አጥፍተህ ስታበቃ ጠላውን ማን ይጠጣው?»

አደራጀው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። የከበቡን አጫጆች ሸሚዛቸውን እያወረዱ ወደ ሌላ ወገን ዞር አሉልን።

አሁን አደራጀውና ጥላነሽ ለምርመራ ጎንደር የሚሄዱት አብረው ነው። የመጨረሻው ሲቲ ስካን ንጹሕ ነበር። ቀጣዩን አላውቅም።

እኔን ለምትተኩ የምላችሁ ይህ ነው። ናሙና ልካችሁ ውጤት እስኪመጣ ለታካሚው የምታውቁትን ንገሩት፤ የማታውቁትን አላውቅም በሉት። የእጮኛውንም ስልክ ቁጥር ተቀበሉት።