ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣው ወንጌላዊ

ከሀና ማርያም በታች፣ ወንዙ ዳር በቀረችኝ ቁራሽ መሬት ላይ ጎመን እተክላለሁ። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ወንጌላዊ ምእመናኑን በእግሩ ሲጎበኝ ውሎ በእኔ በኩል ያልፋል። መጀመሪያ የመጣ ቀን ሰላም ብሎኝ ሱሪውን ሰብስቦ አብሮኝ ማረም ጀመረ። ዝም አልኩት። እሱም ዝም አለ።

ልጄ እምነቷን ለውጣ ካገባች ወዲህ አንነጋገርም። የላከችው እሷ ናት ብዬ፣ «ታረቋት» ሲለኝ የምመልስለትን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ሦስት ወር ሙሉ አረመ እንጂ አልተናገረም። ታገሥኩ ታገሥኩና፣

«አንተ ሰው፣ የተላክህበትን ለምን አትናገርም?» አልኩት።

«ማን ልኮኝ አባቴ?»

«ልጄ ናታ!»

ቀና ብሎ አየኝ። «ልጅ አለችዎት እንዴ? እኔማ ሳምንቱን ሙሉ ስሰብክና ስመክር ነው የምውለው። እዚህ የምመጣው ዝም ለማለት ነው።»

አፈርኩ። ጥቂት አረመና፣ «የት ነው ያለችው?» አለኝ።

«ጀሞ።»

«ነገ መንገዴ ነው። ምን ልበላት?»

ያዘጋጀሁት የቁጣ መልስ ነበር፤ የምልክላት ቃል አልነበረኝም። ጎንበስ ብዬ ለጋ ለጋውን ጎመን ቆረጥኩና አስያዝኩት።