ዶክተሯ ሶሻል ገባች

ሶሻል የገባሁ ዕለት ቤታችን ለቅሶ ተቀመጠ። የሞተችው ዶክተሯ ነበረች፤ ዶክተሯ ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሮቤ ከተማ በትምህርቷ ጎበዝ የሆነች ልጅ ሐኪም ትሆናለች፤ ማንም ፈቃዷን አይጠይቃትም። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ጎበዙ ናቹራል ይገባል፣ ሶሻል የሚገባው የተረፈው ነው ተብሎ ይታመናል። እኔን ሰፈሩ ገና በልጅነቴ «ዶክተር» ብሎኛል። ጎረቤቶች ያበጠ እግራቸውን ያሳዩኛል፣ በመድኃኒት ዕቃ ላይ የተጻፈውን ያስነብቡኛል። እኔም ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ውሃ በደንብ ይጠጡ» እላለሁ። ለጥርስ ሕመምም የማዘው ውሃ ነበር። እስካሁን የሞተብኝ ሰው የለም።

አባቴ ግን ቀልድ አያውቅም። እህል ነጋዴ ነው። አንድ ጊዜ ጎባ ሐኪም ቤት እናቱን ሲያስታምም፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ስታልፍ ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት ሲነሱላት አየ። ከዚያ ወዲህ የእኔ ነገር ያለቀ የደቀቀ ሆነ።

እኔን ደግሞ ፋይናንስ በስልክ ያዘኝ። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ስለ አክሲዮን ሲያወራ ሳይ እውላለሁ፤ ግማሹ አይገባኝም፣ ያልገባኝን ግማሽ ማታ ለቤተሰቡ አስረዳለሁ። አንድ ቀን አባቴን «አባ፣ ፖርትፎሊዮህ ጥሩ አይደለም» አልኩት። ደነገጠ። «ጎባ ሄጄ ልታይ?» አለኝ።

ይህም አልመለሰኝም። ከሰልባጅ ተራ ትከሻው ከእኔ ቀድሞ በር የሚገባ ኮት ገዛሁና አዲስ አበባ፣ አንደኛ ከሚባለው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፋይናንስ እንደምማር ለመስታወት ማልኩ። ከዚያ ለአባቴ ነገርኩት። ጋቢውን ለበሰና ወጣ።

ፋይናንስ የሚገኘው በሶሻል በኩል ነውና በማግስቱ ሶሻል ተመዘገብኩ፤ የሰፈሩ ሴቶችም ወዲያው እናቴ ዘንድ መጡ። አንዷ እንደ ደንቡ ዳቦ ይዛለች።

«አብሽሪ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አለቻት።

«አይዞሽ፣ ትንሿ አለችልሽ» አለች ሌላዋ። ትንሿ እህቴ ዳቦውን እየበላች ነበር።

ሦስተኛዋ ወለድ ውስጥ ልገባ እንደሆነ ጠየቀች። ከወለድ ነፃ የሚባል ባንክ እንዳለ ላስረዳ ስል እናቴ በዓይኗ አስቀመጠችኝ፤ በለቅሶ ላይ ሟች አትናገርም። ሊሄዱ ሲነሱ እግሯ ያበጠው ጎረቤታችን ወደ ጥግ ወሰደችኝና «እና የኔ እግርስ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ውሃ ይጠጡ» አልኳት።

እኔ ሳቅሁ እንጂ አባቴ አልሳቀም። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ባሉት ሁለት ዓመታት ፋይናንስ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። ልጅህ ምን ትማራለች ሲሉት «አለች፣ ትማራለች» ይልና ስለ ዝናቡ ያወራል። የትምህርት ቤት ወጪዬን አልከለከለኝም፣ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ መልስ አጥንቼ ነበራ። ፈተናውን አልፈራሁትም። የፈራሁት ያለ አባቴ ምርቃት አውቶቡስ መሳፈርን ነው። ያ ሁሉ ኮትና ያ ሁሉ እንግሊዝኛ የሱን አንድ ቃል አይተካልኝም፤ ይህን ግን ለማንም አልነገርኩም። ኩራቴ ከኮቴ ይሰፋል።

ፈተናውን ወሰድኩ፣ ውጤቱ መጣ። ምደባው ሲለቀቅ የተመኘሁት የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ጮህኩ፤ ጎረቤታችን ደግሞ ዛሬ ማን ሞተ ብላ እየሮጠች መጣች። አባቴ ስልኬን ተቀብሎ አየና መለሰልኝ። «ማሻ አላህ» አለ፤ ለደረሰው ስንዴም እንዲሁ ነው የሚለው።

ከመሄዴ በፊት ለዱዓ በግ አረደ። የሚመርቁኝ የአባቴ አጎት ነበሩ፤ ከአጋርፋ በጠዋት አውቶቡስ መጡ። ከዘመዱ ሁሉ ትልቁ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሲናገሩ ሕፃን እንኳ አይስልም። የለቅሶው ወሬ ግን አጋርፋ አልደረሰም። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን።

«አላህ መንገድሽን ያቅናው።»

«አሚን!»

«ጥሩ ሐኪም ያድርግሽ። መርፌሽ ይፈውስ፣ እጅሽ ሽባ ይተርትር።»

«አሚን!» አልኩ እኔም፣ ከሁሉ አስበልጬ። ዱዓ አይመለስም። በልቤ ግን፣ በቃ፣ የምሄደው በሌላ ሰው ምርቃት ነው አልኩ።

አባቴ እጁን አወረደ።

«አጎቴ፣ አፉ ይበሉኝ» አለ። እሳቸውን ማንም አቋርጦ አያውቅም። «ሐኪም አይደለም። ፋይናንስ ነው የምትማረው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። «ማል ጄቹዳ? ምን ማለት ነው እሱ?»

ትርጉሙን ለማነብነብ አፌን ከፈትኩ፤ አባቴ ቀደመኝ።

«እኔም አላውቀውም» አለ። «እሷ ታውቀዋለች። እሱን ይመርቁልን።»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉና እጃቸውን መልሰው ዘረጉ። «እንግዲህ እሷ የምታውቀውን አላህ ያሳካላት» አሉ።

ድምፅ አልወጣ አለኝ። አሚን ያለልኝ አባቴ ነው።