ኝዎን የተኛበት ሳር

አጁሉ ጥጥ የምትዘራው ከአቦቦ ወጣ ብሎ፣ ባሏ ኝዎን ከተቀበረበት አጠገብ ነው። ግቢዋ ሁልጊዜ የተጠረገ ነው፤ መቃብሩንም እንደ ግቢዋ ትይዘዋለች። ጉብታውን በጭቃ ትለስናለች፣ ዙሪያው የበቀለውን ሳር በገጀራ ትመለምላለች። ሳር የወረሰው መቃብር የተረሳ ሰው ነው ይባላልና።

አምና ዝናቡ በመሃል ሲቋረጥ ቅጠሉን በነካችው ቁጥር ነጭ ዝንብ እንደ ዱቄት ብን ይል ነበር። መድኃኒት አስረጨች። ዝንቡ ጥቂት ጠፋና ብሶበት ተመለሰ። ከዝንቡ የሚንጠባጠበው ጣፋጭ ፈሳሽ ጥጡን አጣብቆ አጠቆረው። ከጋምቤላ የሚመጣው ነጋዴ ፈረጅ በጣቱ ዳሰሰና ሳቀ።

«ወላሂ አጁሉ፣ ይሄ ጥጥ ሳይሆን ከረሜላ ነው። ከርሞም እንዲህ ከሆነ እኔን አትጠብቂ።»

ሌላ ገዢ የላትም።

ዘንድሮም ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቀጥ አለ፤ ዝንቡም መጣ። የግብርና ሠራተኛው በረከት እርሻውን ዞሮ መቃብሩ ጋ ቆመ። ገና ያልተመለመለውን ሳር ገለጥ አድርጎ ቀያይ ጥንዚዛዎችና ሸረሪቶች አሳያት።

«ማዘር፣ ዝንቡን የሚበሉት እነዚህ ናቸው። አምና መድኃኒቱ እነሱንም ፈጃቸው። ይሄን ሳር አትንኪው።»

«ሌላ ቦታ አይኖሩም?»

«ሌላውን ሁሉ ጠርገሽዋል እኮ!»

ገጀራውን ሰቀለችው። ሳሩ ከወገብ አለፈ። የኝዎን እህት ኛፑዎክ በመንገድ ስታልፍ ቆመች።

«ሌላ ባል አገኘሽ እንዴ? ወንድሜን ጫካ ውስጥ ጣልሽው።»

አጁሉ ወደ ጥጧ ዞረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከሳሩ ውስጥ የኝዎንን ሳል ትሰማ ጀመር፤ ስሟን ከመጥራቱ በፊት ይስላት የነበረችውን ያቺን አጭር ደረቅ ሳል። አንድ ቀን አልቻለችም፤ ገጀራውን አወረደች። ሳሩን ስትጨብጥ አንዲት ጥንዚዛ በጣቷ ወጥታ ወደ ክንዷ ዘለቀች።

«ትንሽ ታገሠኝ» አለችው ኝዎንን፤ ሳሩን ሳትቆርጥም ተመለሰች።

መስከረም ሲገባ ወጀብ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ ዝንቡን ከቅጠሉ አጥቦ መሬት ላይ ደፋው። የተረፈውን ጥንዚዛዎቹ ለቀሙት። በኅዳር ፈረጅ ጥጡን ዳሰሰና «ማሻአላህ» ብሎ ጫነ።

በማግስቱ ሳሩን እስከ ሥሩ አጨደችው። ጉብታው የለም። ሳሩ እንዳይነካ ሲባል ከነሐሴ ወዲህ ያልተለሰነውን ጭቃ ዝናቡ ከመሬት ጋር አስተካክሎታል። ኛፑዎክን ጠርታ አብረው ፈለጉ፤ አንዷ እዚህ ነበር ስትል ሌላዋ እዚያ አለች። ሳሩ ከታጨደ ወዲያ ሳሉም አልተሰማም።

እኔ ባለፈው በዚያ ሳልፍ፣ በራፏ ላይ ተቀምጣ መቃብሩ ወደነበረበት ራቁት መሬት ትመለከት ነበር። ምን እንደምትጠብቅ ጠየቅኋት።

«ሳሩን» አለችኝ።