ኃላፊውን ከጠረጴዛ ሥር ያስገባው ዋሽንት

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ትምህርት ሊዘጋ አካባቢ ነው። እስከዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። የቢቸና ሰው አብዷል ይለኛል። ይበል።

ይበልጣል እባላለሁ። ቢቸና ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ኦርጋን እጫወታለሁ፣ በኮምፒውተር ሙዚቃ እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እኔን የሚያስተምር ሰው እዚህ አካባቢ የለማ! ኖታን ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለቀምኳት። ኮምፒውተሩ ላይ ኖታውን ትጽፍለታለህ፣ እሱ ራሱ ይጫወትልሃል። ዋሽንት በለው፣ ከበሮ በለው፣ ሁሉም አለ። አበል አይጠይቅ፣ ጠላ አይጠጣ።

ሞጣ ውስጥ መምህር ሰይድ የሚባል የደሴ ልጅ ወዳጅ ነበረኝ። ሚስቱና ትንሽ ልጁ ደሴ ናቸው። ዝውውር በጠየቀ ቁጥር "የመምህር እጥረት አለ፣ በሂደት ይታያል" ይሉታል። ለእረፍት ቤቱ ሲሄድ ልጁ በር ከፍታ "እማዬ፣ እንግዳ መጣ!" ትላለች። ይሄን ሲያወራልኝ እየሳቀ ነው፤ ግን ሳቁ አያምርም።

ታዲያ ትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ሊያዘጋጅ ሆነ። ዝውውር የሚፈርሙት የትምህርት ቢሮ ኃላፊ የክብር እንግዳ ናቸው ተባለ። ዝግጅቱ ለሰይድ ተሰጠ። ቢቸና ድረስ መጣ።

"ጋሽ ይበልጣል፣ ሰውዬውን ደስ የሚያሰኝ ነገር ሥራልኝ። ሲገቡ ዋሽንቱ ከሩቅ እንደሚመጣ ቀስ እያለ ከፍ ይበል፤ ወንበራቸው ጋ ሲደርሱ ከበሮውም ሁሉም ይግባ። ልባቸው ከራራ ያኔውኑ እጠይቃቸዋለሁ።"

"ለዚህ ነው ከሞጣ ድረስ የመጣኸው? ብትደውል ይበቃ ነበር እኮ" አልኩት።

ጻፍኩት። መጀመሪያ ላይ "በጣም ቀስ" የሚለውን ምልክት፣ መጨረሻ ላይ "በኃይል" የሚለውን፣ በመሃል ደግሞ ድምፁ እያደገ እንዲሄድ የሚያዘውን፣ የተከፈተ የአዞ አፍ የመሰለውን ምልክት አደረግሁ። ዋሽንቱን አንድ ረጅም ድምፅ ሰጠሁት፣ ሳይቋረጥ እንዲሳብ።

የበዓሉ ጠዋት ሞጣ ስደርስ ሰይድ "ሞክረኸዋል አይደል?" አለኝ።

"ምን ይሞከራል? ምልክቱን አድርጌበታለሁ። ኮምፒውተር እንደ እናንተ ቢሮ መሰለህ? የታዘዘውን ይሠራል!"

አዳራሹ ሞላ። ኃላፊው ከአጃቢያቸው ጋር ገቡ። ማጫወቻውን ተጫንኩ። ዋሽንቱ ጀመረ፤ ግን የወባ ትንኝ ያህል። ያድጋል ብዬ ብጠብቅ አያድግም። ኃላፊው ወደ ፊት እየሄዱ ነው፣ ሕዝቡ ፀጥ ብሏል። ሰይድ ከወዲያ በዓይኑ "ምነው?" ይለኛል። እኔ ሆዬ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት።

ልክ ኃላፊው ቁጭ ሊሉ ሲሉ ረጅሙ ድምፅ አለቀና "በኃይል" የሚለው ደረሰ። ከበሮው፣ ዋሽንቱ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ድው! ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ጊዜውን ታውቁታላችሁ፤ ድው ሲል ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኃላፊው ከጠረጴዛው ሥር ገቡ። አጃቢያቸው ቀድሟቸው ገብቶ ስለነበር ቦታው ጠበባቸው።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት "ኧረ ይውጡ አባቴ፣ ዋሽንት ነው!" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ኃላፊው አቧራቸውን እያራገፉ ወጡና "ይሄን ያዘጋጀው ማነው?" አሉ። እኔ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ጎንበስ አልኩ። ሰይድ ቆመና "እኔ ነኝ" አለ።

ያን ቀን ዝውውር የሚባል ነገር አላነሳም። ምሳ አቀረበልኝ እንጂ እሱ አልቀመሰም።

በሳምንቱ ደወለልኝ።

"ጋሽ ይበልጣል፣ ቢሮ ተጠራሁ።"

"አባረሩህ?"

"አዛወሩኝ! 'ይሄን ሰው ዓይኔ እንዳያየው! ደሴ አይደል የሚፈልገው? ዛሬውኑ ይሂድልኝ' ብለው ፈረሙ!"

የመምህር እጥረቱ የት እንደገባ አላውቅም። ሰይድ ስንት ዓመት በትሕትና፣ በለሰለሰ ቃል ለምኖ ያጣውን የኔ ከበሮ በአንድ ድው አስፈረመለት። ከዚያ ወዲህ ሌሎች መምህራን "ለኛም ሥራልን" እያሉ ያስቸግሩኛል።

ጥፋቱን በኋላ ደረስኩበት። ፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ዓይነት የዋሽንት ድምፅ አለ። አንዱ እየተነፋ ሳለ ከፍም ዝቅም ይላል። ሌላው በጀመረበት ይጨርሳል፤ ምልክቱን የሚሰማው ቀጣዩ ኖታ ላይ ሲደርስ ነው። እኔ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነበር። አሁን የኔን ዋሽንት ብትሰሙ ከዓባይ ማዶ ተነስቶ ደጃችሁ የሚደርስ ነው የሚመስለው። እንዲህ የሚያሳድግ በጎጃም ካለ ይምጣ! ቢቸና ውስጥ ግን ሳሰማቸው "ጨምረው፣ አይሰማም" ይሉኛል። ይሄን የሚያጣጥም ጆሮ ያለው አንድ ሰይድ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጄ ሸኘሁት። ደስ ብሎኛል፤ ትንሽም ከፍቶኛል።

በቀደም የተስተካከለውን በቴሌግራም ላኩለት። "ወላሂ ጋሽ ይበልጣል፣ አሁን ገና ሙዚቃ ሆነ" ብሎ መለሰ። ወዲያው ሌላ አስከተለ፦ "ግን አደራህን፣ ሰውዬው እንዳይሰሙት። ደስ ካላቸው ሞጣ ይመልሱኛል።"